ማታ የት ነው የማድረው? ስለ ሠራዊትና ሥነ ምግባር የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሠራዊቱ የቀድሞና የአሁን አባላት፣ ወጣቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ የመሐል አዲስ አበባን መጨናነቅ ታግሣችሁ እዚህ አዳራሽ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት ከመስቀል አደባባይ ተነሥቼ በእግሬ ነው። ከመምጣቴ በፊት አደባባዩ ዳር ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብቼ ነበር። ገብታችሁ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ፎቶግራፎች አሉ፣ በመስታወት ውስጥ ደግሞ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና የሟቾች ልብስ አለ። ፎቶግራፎቹ ፊት ስቆም እንደ ሁልጊዜው እጆችን መቁጠር ጀመርኩ። ትእዛዙን የፈረመ እጅ፣ ስማቸውን በዝርዝር የጻፈ እጅ፣ የእስር ቤቱን በር የከፈተ እጅ፣ መኪናውን የነዳ እጅ፣ በሌሊት ዘብ ቆሞ ያሳለፋቸው እጅ፣ በመጨረሻም ቃታ የሳበ እጅ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል «ይህስ ልክ አይደለም» ብሎ በልቡ ያሰበ አልነበረም? ነበረ ብዬ አምናለሁ። ያሰበውን ግን ለማን ይናገር? ዛሬ ልነጋገርበት የመጣሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አብዛኛው የአገልግሎት ዘመኔ ያለፈው በማስተማር ነው። የጦርነት ሕግና የወታደር ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቆርቆሮው ሙቀት በሚያፍን ክፍል ውስጥ፣ አርባ ለሚሆኑ የበታች ሹማምንት ስለ ሕገ ወጥ ትእዛዝ እያስረዳሁ ነበር። ከኋላ ረድፍ አንድ ወጣት አስር አለቃ ተነሣ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቆቡን በግራ እጁ ይዟል።

«መምህር፣ ይፈቀድልኝ» አለ። «አለቃዬ ‹ተኩስ› ብሎ አዘዘኝ እንበል። ፊት ለፊቴ ያለው እጁን የሰጠ ሰው ነው። ሕጉ አትተኩስ ይላል፤ ይህንን ዛሬ አስተማሩን። እሺ፣ አልተኮስኩም። ማታ የት ነው የማድረው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የሳቀ አልነበረም። እኔ ምን ብዬ መለስኩለት? አንቀጽ ጠቀስኩለት። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን መሠረት የበታች የሆነ ሰው የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ ወንጀል ቢፈጽም «ታዝዤ ነው» ብሎ ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ፣ ያዘዘውም ሰው አብሮ እንደሚጠየቅ አብራራሁለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በናዚ መሪዎች ችሎት፣ ኑረምበርግ ላይ የተቀመጠውንም መርሕ ጨመርኩበት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። አስር አለቃው «አመሰግናለሁ መምህር» ብሎ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥም ደብተሩን አጠፈ።

ያ የታጠፈ ደብተር ለዓመታት ከአእምሮዬ አልጠፋም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሕጉ አልነበረም። ሕጉንማ አውቆታል። እሱ የጠየቀኝ ስለ ሌሊቱ ነው። «አልተኩስም» ያለበት አለቃ በዚያው ማታ የጥበቃ ተራ የሚመድበው ሰው ነው። የፈቃድ ወረቀቱን የሚፈርምለት፣ ለማዕረግ የሚያጨው፣ በነጋታው ወደ የትኛው ምሽግ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ጓደኞቹም አሉ። አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ ጥይት ሲዘንብ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ የሚያወጣው እነሱ ናቸው። ከዚህ ቤተሰብ ወጥቶ የት ይደር? እኔ በዚያች ክፍል ውስጥ ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሕግ አላነሰንም፤ ይህንን በግልጽ እናስቀምጠው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡትን አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች በ1962 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ ሁለቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፉ ይደነግጋል። አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ እንዲሆን፣ ከየትኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። እኛ ራሳችን የዚህ ሕግ መጣስ ገፈት ቀማሾች ነበርን። ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ያዘነበችው በአባቶቻችን ላይ ነው፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት የተነጠፈበትን የስዊድን የሕክምና ቡድን ድንኳን በአውሮፕላን የደበደበችውም በዚሁ ምድር ነው። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚል ወታደር ቢገጥመኝ፣ ሕጉ በመጣሱ የተቃጠለው የማን ቆዳ እንደነበር አስታውሰዋለሁ።

በእኔ እምነት የጎደለን ሌላ ነገር ነው። በየትኛውም ሠራዊት ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለዚህ የተነጠፈ መንገድ አለው፣ ሬዲዮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ መልእክተኛ አለው። እውነት ከታች ወደ ላይ የምትወጣበት መንገድስ? የሠራዊት ሥነ ምግባር የሚለካው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የእሴቶች ዝርዝርማ ሁሉም ሠራዊት ያምራል።

ይህንን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በወጣትነቴ፣ ገና መቶ አለቃ ሳለሁ፣ በአንድ ሰፈራችን ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ የታሰረ ወጣት አየሁ። ከገበያ የተያዘ ነው፤ መረጃ ያቀብላል ተብሎ ተጠርጥሯል። እጆቹ ወደ ኋላ ተጠምዝዘው በሲባጎ የፊጥኝ ታስረዋል። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጠው። ጣቶቹን አየሁ፤ አብጠው ጠቁረዋል። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጌታዬ፣ እጄን» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ያሰረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ በማዕረግም በዕድሜም የሚበልጥ፣ በጀግንነቱ የተመሰገነ ሰው ነው። አሁን ገብቼ ብጠይቀው ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ማታ አብረን ነው እራት የምንበላው። ሪፖርት ላደርስ እንደቸኮልኩ ለራሴ ነግሬ አለፍኩ። ማምሻውን ተፈታ፤ የጨው ነጋዴ ረዳት መሆኑ ተጣርቶ ነው የተለቀቀው። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ እንዳልታዘዘለት ከወራት በኋላ ሰማሁ። ገመዱን ለማላላት ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

እንግዲህ ያ አስር አለቃ «ማታ የት ነው የማድረው» ሲለኝ፣ እኔ ያን ቀን የት እንዳደርኩ አስታወሰኝ። በራሴ አልጋ ላይ ነው ያደርኩት።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለሽምግልና ጥሩ ምክር ነው፤ ለጎረቤት ጠብም ይሠራል። በሠራዊት ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። እህሉን ከውስጥ እየበላ ቅርፊቱን ብቻ ያስቀራል፤ ጎተራው ሙሉ ይመስላል፣ እጅህን ስትሰድበት ዱቄት ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውም ከደማችን ገና አልወጣም። አለቃን መክሰስ ነውር ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ደንብ ልብስ ስላለበሱት በአንድ ሌሊት ሌላ ሰው አይሆንም። ይህንን ያወቀ ተቋም መንገዱን ራሱ መጥረግ አለበት።

ከድንበራችን ብዙም በማይርቀው የሶማሊያ ከተማ፣ በለደወይን፣ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የካናዳ ወታደሮች በዓለም አቀፉ ተልእኮ ሶማሊያ ነበሩ። የሄዱት የተራበን ሕዝብ ለመርዳት ነው፤ አየር ወለድ ክፍላቸውም በአገሩ የተከበረ ነበር። ማርች 16 ቀን ማታ ሺዳኔ አሮኔ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ወደ ሰፈሩ ገብቶ ተያዘ። ለሰዓታት ተደበደበ፤ ሞተ። ድብደባው የተፈጸመው በምድረ በዳ ተደብቆ አይደለም፣ በሰፈሩ ውስጥ ነው። ጩኸቱን የሰሙ ነበሩ። ብቅ ብለው አይተው የተመለሱም ነበሩ። ልክ እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ እንዳለፍኩት አለፉ።

ታሪኩ ግን ከዚያች ሌሊት በፊት ነው የሚጀምረው። ከጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሁለት ሶማሊያውያን ተተኩሶባቸው አንዱ ሞቶ ነበር። አስከሬኑን ያየው የጦር ሐኪም አገዳደሉ እንዳላማረው ተናገረ። ቃሉ ወደ ላይ ሲሄድ ግን መንገዱ ተዘጋበት። ያ የሐኪም ቃል በጊዜው ቢሰማ ኖሮ የሺዳኔ ሌሊት ትመጣ ነበር? ማንም ሊምልበት አይችልም፤ እኔ ግን ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ይህንን ነው። በኋላ ደግሞ ያው ክፍል አዳዲስ ምልምሎችን «ሲቀበል» ያዋርዳቸው፣ ያሠቃያቸው እንደነበር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የራሱን ወንድም በማዋረድ የጀመረ እጅ የሌላውን ልጅ ለማሠቃየት ሩቅ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ ክፍሉን አፈረሰችው። ለአንድ ወታደር ክፍሉ ሲፈርስ፣ ሰንደቁ ሲጠቀለል ማየት ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ የምታውቁት ታውቃላችሁ።

ሚ ላይ ስለምትባለው መንደር የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1968፣ ቬትናም ውስጥ፣ የአሜሪካ ወታደሮች በአንድ ቀን ያጠፉት ሰላማዊ ሰው በአሜሪካኖች ቆጠራ 347፣ በቬትናሞች ቆጠራ 504 ነው። በዚያን ቀን በሰማይ ላይ የነበረው የሄሊኮፕተር አብራሪ ሂዩ ቶምፕሰን የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ቦዩ ውስጥ የተጋደመውን ሬሳ አየ፤ የሚሸሹ ሴቶችና ልጆችን፣ ከኋላቸው የሚከተሉ የራሱን ወታደሮች አየ። ሄሊኮፕተሩን በሁለቱ መካከል አሳረፈ። ለሁለቱ ባልደረቦቹ ወታደሮቹ በሰዎቹ ላይ ቢተኩሱ እንዲተኩሱባቸው ነገራቸውና ራሱ ወርዶ ሰዎቹን አወጣ። አንደኛው ባልደረባው፣ ግሌን አንድሬዮታ፣ ከሬሳው መካከል ገብቶ በሕይወት ያለ ሕፃን አውጥቷል።

እኔ ስለ ቶምፕሰን ሳስተምር ተማሪዎቼ ጀግንነቱን ይወዱታል። እኔ ደግሞ ቀጥሎ የሆነውን አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። ቶምፕሰን ተመልሶ ለአለቆቹ ሪፖርት አደረገ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው እየከሳ፣ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ነገሩ ለሕዝብ የወጣው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በግድያ የተፈረደበትም አንድ የበታች መኮንን ብቻ ነበር። ቶምፕሰን ራሱ ለዓመታት እንደ ከሃዲ ታየ። ሜዳሊያውን የሸለሙት እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። አስር አለቃው «ማታ የት ነው የማድረው» ያለኝ ሠላሳ ዓመት ውጭ ማደር ስለማይቻል ነው።

የአውስትራሊያው ነገር ደግሞ ስለ በታች ሹማምንት ያስተማረኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ይፋ የሆነው ምርመራ፣ ልዩ ኃይሎቻቸው አፍጋኒስታን ውስጥ 39 ሰዎችን ከሕግ ውጭ እንደገደሉ የሚያሳይ ተአማኒ መረጃ አግኝቷል። አዲስ የመጣ ወታደር የመጀመሪያ ግዳዩን እንዲጥል እስረኛ እንዲገድል በአለቃው ይታዘዝ ነበር፤ ከሬሳው አጠገብ መሣሪያ ወይም ሬዲዮ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ማንሣትም ልማድ ሆኖ ነበር። ይህን ያደረጉት በአብዛኛው ጄኔራሎች አይደሉም፤ አነስተኛ ቡድን የሚመሩ አስር አለቆችና ሃምሳ አለቆች ናቸው። «ዓሣ ግማቱ ከጭንቅላቱ» እንላለን፤ እውነት ነው፤ ዓሣው ሲገማ ግን መጀመሪያ የሚያሸተው አጠገቡ የተቀመጠው ነው። ለዚህ ነው የሥነ ምግባር ትምህርት ለኮሎኔሎች በሆቴል አዳራሽ ተሰጥቶ፣ ለሃምሳ አለቃው በበራሪ ወረቀት ሲደርስ የምናደደው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ያያችሁ ብዙ ናችሁ። በዚያ ጦርነት የምኮራበት አንድ ነገር አለ፤ የሚያሳፍረኝም አለ። ሁለቱንም መናገር አለብኝ።

ከዓድዋ በፊት፣ በጥር 1888 ዓ.ም.፣ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ተከቦ ውኃው ተይዞበት ነበር። ቀኑን ቆጥሮ በውኃ ጥም መጨረስ ይቻል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ከነመሣሪያቸውና ከነቁስለኛቸው እንዲወጡ ፈቀዱ። ይህ ምሕረት ዋጋ አልነበረውም አልልም፤ ጋሊያኖ ብዙም ሳይቆይ ዓድዋ ላይ ተሰልፎ ተዋግቷል፣ እዚያው ሞቷል። ከድሉ በኋላም የኢጣሊያ ምርኮኞች እስከ አዲስ አበባ መጥተው፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የሰላም ውል በኋላ ወደ አገራቸው ገብተዋል። ድል ያደረገ ሠራዊት ምርኮኛውን አብልቶ ሲመልስ ዓለም አየ።

በዚያው ድል ማግሥት ግን ከኢጣሊያ ጋር የተሰለፉ የተማረኩ አስካሪዎች፣ ማለትም ኢጣሊያ ከአገሬው ሰው የመለመለቻቸው ወታደሮች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የአገር ክህደት ቅጣት ነው ተብሎ ነው። እነሱ የኛው ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ቋንቋችንን የሚናገሩ፣ በአንድ ጾም የሚጾሙ ነበሩ። ለባዕዱ የተረፈው ርኅራኄ ለወገን አልተረፈም። ይህንን ያነሣሁት አያቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በሆነው ጦርነታችን ሁሉ ያው መልክ ስለሚታየኝ ነው። እርስ በርስ ስንዋጋ የምንጨክነውን ያህል ለባዕድ አንጨክንም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት ምን እንዳደረሰ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ በቤቱ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጋራ መርምረው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት፣ ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች በልዩ ልዩ መጠን የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊባሉ የሚችሉ ጥሰቶችን ፈጽመዋል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንዳለ አስቀምጠዋል። ሁሉም ወገኖች የሚለውን ቃል ማንም ወገን አይወደውም። እኔ እንደ ወታደር የምለው፣ ደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ መጀመሪያ መመልከት ያለበት የራሱን ክፍል ነው።

ቋንቋችን ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ዛሬ «የጦርነት ሰለባ» ስንል የተጎዳውን ሰው ማለታችን ነው። ጥንት ግን ሰለባ ማለት ተዋጊው ከገደለው ጠላት አካል ቆርጦ የሚያመጣው፣ በአለቃው ፊት እየፎከረ የሚጥለው ግዳይ ነበር። አንዱ ቃል ከገዳዩ እጅ ተነሥቶ ወደ ተገደለው ሰው ዞሯል። ይህን ለውጥ ያመጣው አዋጅ አይደለም፤ ሕዝቡ ቀስ እያለ ከማን ጋር መቆም እንዳለበት ሲወስን ነው። በፉከራ ያደግን ልጆች ነን፤ ፉከራ አይጥፋ፤ ነገር ግን ለዘመናዊ ወታደር የሚፎከርለት ሌላ ሥራም እንዳለ እናስተምር። በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዶንግዱቾን ላይ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቋቁመው ነበር። ይህም ግዳይ ነው፤ ይፎከርለት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሆድ እጀምራለሁ። ብዙ ሰው ሥነ ምግባር ሲባል ስለ ምርኮኛና ስለ ጥይት ብቻ ያስባል። እኔ ግን የአንድን ክፍል ሥነ ምግባር ለማወቅ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ስንቅ መጋዘኑ ነው። ዘይቱና ስኳሩ በመዝገቡ ልክ ይገኛል? ደመወዝ በቀኑ ይደርሳል? አዛዡ የሚበላው ከየትኛው ድስት ነው? የራሱን ስኳር አለቃው ሲሰርቀው እያየ ዝም ያለ ወታደር የተማረው ትምህርት አለ፤ ሕግ ለደካማ ነው የሚል ትምህርት ነው። ነገ ከእሱ የሚደክም አርሶ አደር ሲገጥመው ያንኑ ይደግመዋል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ፣ ጎተራ እየገለበጠ ባላገሩን ሲያስመርር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት አስገብተው ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ያደረጉት ይህንኑ ተረድተው ነው። የተራበ ወታደር ላይ ስብከት አይሠራም።

ሁለተኛው ጉዳይ የአቤቱታ መንገድ ነው። ጀርመኖች ከናዚ ውርደት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አዲስ ሠራዊት ሲያቋቁሙ፣ ወታደር ደንብ ልብስ የለበሰ ዜጋ ነው አሉ። ቃሉን ብቻ ተናግረው አልቀሩም፤ በፓርላማው ሥር የሠራዊት ኮሚሽነር ሾሙ። ማንኛውም ወታደር፣ ተራውም ጭምር፣ በአለቃው በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ሊጽፍለት ይችላል፤ በመጻፉም ሊጎዳ አይገባም። ይህ ለልጁ ጥያቄ የተሰጠ የተቋም መልስ ነው። «አልተኮስኩም» ያለ ወታደር ደብዳቤው የሚደርስበት፣ ስሙ የሚጠበቅበት ቦታ ማለት ነው። በእኛም ዘንድ ግምገማ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። በደግ አዛዥ እጅ ግምገማ የበታቹ አፍ የሚከፈትበት መድረክ ነው፤ አይቻለሁ። በክፉ እጅ ግን የተናገረው የሚለቀምበት ወጥመድ ይሆናል፤ ይህንንም አይቻለሁ። ስለዚህ የሚገመገመው አለቃ መድረኩን ራሱ መምራት የለበትም። ሰብሳቢው ከሌላ ክፍል ይምጣ።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «የበታች ትእዛዝ እየመረመረ ከሆነ ሠራዊት አይኖርም» ይሉኛል። ቅን ስጋት ነው፤ እኔም አዛዥ ነበርኩ። ወደዚያ ተራራ ውጣ ሲባል «ለምን» እያለ የሚከራከር ወታደር ጓደኞቹን ያስጨርሳል። ነገር ግን ተራራ የመውጣት ትእዛዝና የታሰረ ሰው የመግደል ትእዛዝ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ተራ ወታደር አያውቅም ማለት ወታደሩን መናቅ ነው። እረኛ ሆኖ ያደገ ልጅ የቆሰለ ከብት እንኳን እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ልጁ የሚያውቀውን እንዲረሳ የምናደርገው እኛ ነን።

ትምህርቱም ይለወጥ። እኔ አንቀጽ በማስሸምደድ ብዙ ዓመት አባክኛለሁ። ሰው በጭንቅ ሰዓት የሚያደርገው እጁ የለመደውን ነው፤ ክላሽ መፍታትና መግጠም በጨለማ እስኪቻል የምናለማምደው ለዚህ አይደለም? «አይሆንም ጌታዬ» ማለትም በአፍ መለመድ አለበት። በልምምድ ሜዳ ላይ፣ ላብ እያሰመጠው፣ አሠልጣኙ ሆን ብሎ የተሳሳተ ትእዛዝ ይስጠው፤ ምልምሉ ቃሉን ከአፉ ያውጣው፤ ከዚያም በሁሉም ፊት ይመስገን። አንድ ጊዜ ከአፉ የወጣ ቃል ሁለተኛ ጊዜ አያንቀውም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያንን አስር አለቃ አገኘሁት። ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አሁን ሃምሳ አለቃ ሆኗል፤ ለፈቃድ መጥቶ ወደ ቤተሰቡ የሚወስደውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ሲያየኝ ተነሣ። «ተቀመጥ ልጄ» ብዬው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያንን ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ያን ቀን በቅጡ አልመለስኩልህም፣ አልኩት።

ከቦርሳው ውስጥ አንድ ደብተር አወጣ። የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በላብ ተጣጥፏል። «መምህር፣ ይዩት» ብሎ ሰጠኝ። በየመስመሩ ስም አለ። ስም፣ የአባት ስም፣ የተያዘበት ቦታና ሰዓት፣ ሲያዝ በሰውነቱ ላይ የነበረ ቁስል፣ ማን እንደተረከበው።

«ሰው ስንይዝ ከሁሉ አስቀድሜ ይህንን እጽፋለሁ» አለኝ። «ከዚያ ለራሱ ለተያዘው ሰው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ ጓዶቼም ይሰማሉ። ስሙ ከተነበበ በኋላ መምታት ይከብዳቸዋል። ‹እንትና ወንድሙ የሚባለው› ሆነ ማለት ነው።»

«ማታስ የት አደርክ?» አልኩት።

ቡናውን ፉት አለ። «መጀመሪያ ሰሞን ብቻዬን ነበር» አለ። «ድንኳን ውስጥ ስገባ ወሬ ያቆሙ ነበር። አሁን ግን ደብተሩ ሲያልቅ አዲሱን የሚገዛልኝ መቶ አለቃው ነው።»